ዳንቴል የለበሰችው ጋዝ ጠቋሚ

አምቦ ከባጃጅ ተራው ጀርባ አንዲት ምግብ ቤት አለች። ድምፅዋ ከጓዳ እስከ አስፋልት የሚሰማ ሴት ትሠራባታለች። ሴትየዋ እኔ ነኝ። ጥብሴን ቀምሳችሁ የማታውቁ ካላችሁ እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ቀርቶባችኋል። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ጥብሴ አይደለም። አፍንጫዬን በገዛ እጄ እንዴት እንደገደልኩት፣ ከዚያም እንዴት እንዳስነሳሁትና ማንን እንዳሸነፍኩበት ነው። ትንሽ ታገሱኝ፣ ወሬዬ መንገድ ይወዳል።

ለብዙ ዓመት የሠራሁት በእንጨት ነው። ጭሱ መጀመሪያ ዓይኔን፣ ቀጥሎ አፍንጫዬን፣ በመጨረሻ ትንፋሼን ወሰደው። ወጥ ማረሩን የማውቀው ከደንበኛ ፊት ነበር፤ ሰውየው ጎርሶ ግንባሩን ሲቋጥር "አሃ፣ አሯል" እላለሁ። አንድ ቀን ሳል አላስቆም ሲለኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ደረቴን አዳምጣ፣ "እናቴ፣ ወይ ጭሱን ይተዉ፣ ወይ ኩሽናውን ይተዉ" አለችኝ። ኩሽናዬን ልተው? ከዚያስ ምን ልሠራ፣ ቤት ቁጭ ብዬ ከባሌ ጋር ልፋጠጥ? ስለዚህ ጭሱን ትቼ ወደ ቡታጋዝ ልገባ ወሰንኩ።

መወሰኑ ቀላል ነበር። ቤቱ ግን የኦቦ ዳባ ነው። ኦቦ ዳባ አከራያችን ናቸው፤ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከኩሽናዬ ጀርባ ይኖራሉ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ባርኔጣቸውን ለቄስም ለፓስተርም ለመንግሥትም የማያወልቁ ሰው ናቸው። ለሰላምታ ጎንበስ ሲሉ ያየ ሰው አምቦ ውስጥ የለም፤ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ አንተ ትመጣለህ። ጋዝ የሚባል ነገር ሲነሳ ግን ያ ሁሉ ቁመት ይሟሽሻል።

"ቦምብ ግቢዬ አላስገባም!" አሉ።

ለመንኩ። ሽማግሌ ላክሁ። አለቀስኩ፤ ዓይኔ እንደሆነ በጭሱ የተነሳ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። በመጨረሻ ባለቤታቸው አዴ ብሪ ገብተውበት ኦቦ ዳባ እንዲህ አሉ፦ "ጋዝ ሲያመልጥ የሚጮኸውን መሣሪያ ትሰቅያለሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ አስጮኸዋለሁ። ያልጮኸ ቀን ሲሊንደሮችሽ ይወጣሉ፣ እንጨትሽ ይመለሳል።"

ባሌ ቶሎሳ ጋዝ ጠቋሚዋን ከአዲስ አበባ አስመጣልኝ። ነጭ፣ የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ነገር ናት። ፊቷ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሏት፤ ከቀዳዳዎቹ ኋላ ሴንሰር የሚሉት፣ ጋዝ የሚያሸትላት ነገር አለ። ሰላም ሲሆን አረንጓዴ ታበራለች። ጋዝ ስታሸት ቀይ ትሆንና ጩኸቷን ታቀልጠዋለች። ጭስ የበላው አፍንጫዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ተመለሰልኝ ማለት ነው፤ ስሟንም "አፍንጫዬ" አልኳት።

ኦቦ ዳባ ሲጋራ አያጨሱም። ለዚህ ጉዳይ ብለው ግን ላይተር ገዙ፤ ባለሱቁም አፉ አያርፍ፣ "ኦቦ ዳባ በስተርጅና ሲጋራ ጀመሩ" ብሎ ከተማውን አዳረሰ። ቅዳሜ ጠዋት ይመጣሉ፣ ላይተሩን ሳይለኩሱ ቀዳዳዎቹ ላይ ይለጥፉና ጋዙን ይለቁባታል። እሷ እሪ ስትል የእሳቸው ፊት ልጅ የዳረ ሰው ፊት ይሆናል። "ቶለ፣ ቶለ" እያሉ ይወጣሉ፤ ደግ ነው፣ ይሁን ማለታቸው ነው።

እንግዲህ እኔ ዕቃ አያያዝ የማላውቅ ሴት አይደለሁም። የቴሌቪዥናችን ፕላስቲክ ዛሬም አልተላጠም። የፍሪጃችን እጀታ ካልሲ ለብሷል። ታዲያ ኑሮዬ የተንጠለጠለባትን አፍንጫዬን ራቁቷን ልተዋት? የክብር ቦታ ሰጠኋት፤ ጣሪያው ሥር፣ ከሠርጌ ፎቶ አጠገብ። ዳር ዳሩ አበባ ያለው ዳንቴል ሠርቼ አለበስኳት። ሽንኩርት ሳቁላላ ዘይት እንዳይፈናጠርባት ፌስታል አጠልቅላታለሁ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ፣ ለቅዳሜው ምርመራ እንድታምር ብዬ፣ የቶሎሳን ፖሊሽ እቀባታለሁ።

ቶሎሳ ባጃጅ ነጂ ነው። ባጃጁን ከእኔ አብልጦ ይወዳል አልልም፣ እኔን ግን አንድም ቀን ፖሊሽ ቀብቶኝ አያውቅም። ዳሽቦርዱን የሚያሳምርባት፣ ፊስ የምትል ጣሳ አለችው። ያቺን ከወንበሩ ሥር መንትፌ አፍንጫዬ ላይ ፊስ ፊስ አደርግና እንደ መስታወት እስክታበራ አሻታለሁ። ኦቦ ዳባ እንኳ አንድ ጊዜ ፊታቸውን አይተውባት ጢማቸውን አስተካክለዋል።

እንዲህ ተሞናሙነን ስንኖር አንድ ቅዳሜ ኦቦ ዳባ እንደ ልማዳቸው መጡ።

"አካም ቡልተን፣ የቦንቱ እናት?" አሉ። ቦንቱ የመጀመሪያ ልጄ ናት።

"ደህና፣ ይግቡ ኦቦ ዳባ" ብዬ ዳንቴሉን እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ገለጥኩላቸው። ላይተሩን ለጠፉ። ሽ... አለ ጋዙ። አፍንጫዬ ዝም። እንደገና ሽ... አደረጉ። አረንጓዴዋን እያበራች ዓይኗን ታቁለጨልጫለች እንጂ ጭራሽ የሰማችው ነገር የለም።

"ማል?" አሉ ኦቦ ዳባ። "ምን ሆነች? ጾም ያዘች እንዴ?"

"ትናንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ደንግጣ ነው" አልኩ፣ አፌ ላይ የመጣልኝን።

"እኔም ደንግጫለሁ። በሚመጣው ቅዳሜ ካልጮኸች ሲሊንደሮቹ ይወጣሉ።" ባርኔጣቸውን ጫን አድርገው ሄዱ።

በርጩማዬ ላይ ቁጭ አልኩ። እንጨቱ ገና ሳይመጣ ጭሱ ደረቴን ሲይዘኝ ተሰማኝ። ነርሷ ያለችኝ ትዝ አለኝ። እናንተ ፊት ምን እደብቃለሁ፣ ፈራሁ። ይሄ ሁሉ ምላሴ ደረቀ።

ሰኞ ዕለት ጎሚስታው ጋ ወሰድኳት። "አቧራ ገብቷት ይሆናል" ብሎ የከባድ መኪና ጎማ በሚነፋበት ኮምፕሬሰር ነፋት። ዳንቴሏ ተገንጥሎ አጥር ተሻገረ፤ እሷ ትንፍሽ አላለችም። የቶሎሳ አክስት ይህን ሰምታ፣ "ምን ታለፊያታለሽ፣ ፍልውሃ ውሰጃት! የእኔ ጉልበት የተነሳው በምን ሆነና?" አለችኝ። ተው አትሳቁ። የጨነቀው ሰው የማያደርገው የለም። በነጠላ ጠቅልዬ አቀፍኳትና ውሃው ዳር ሄጄ እንፋሎቱ ላይ ያዝኳት። አጠገቤ እግራቸውን የዘፈዘፉ ሴትዮ አዘኑልኝ።

"ሕፃኑ ምኑን አሞት ነው፣ ልጄ?"

"አላለቅስ ብሎ ነው" አልኳቸው።

"ታዲያ ተመስገን አትዪም!"

ከፍልውሃ ስመለስ ቶሎሳ ባጃጁን ደገፍ ብሎ ጠበቀኝ። አንድ ተሳፋሪ ነግሮት ነው፤ ባኮ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ የበቆሎ ማድረቂያ አለ፣ የዚያ ማሽን ቴክኒሻን ጋዲሳ የሚባል ልጅ እንዲህ ያሉ ጠቋሚዎችን ይሠራል አለኝ። በማግስቱ አውቶቡስ ይዤ ወረድኩ። የአምቦ ሹራቤን እንደለበስኩ ባኮ ሙቀት ውስጥ ስገባ ላቤ እግሬ ድረስ ወረደ። አፍንጫዬን ግን ከጭኔ ላይ አላወረድኳትም፤ በቆሎ በጫኑ መኪኖች መሃል እየተሹለከለክሁ ማድረቂያው ጋ ደረስኩ።

ጋዲሳ ሳቁ ከማሽኑ ድምፅ የሚበልጥ ጎረምሳ ነው። ጠቋሚዋን ተቀብሎ አገላብጦ አየና እንደ ሐኪም ይጠይቀኝ ጀመር።

"አዴ፣ የት ነው የሰቀሏት?"

"ከፍ አድርጌ ነዋ! ጣሪያው ሥር፣ ከሠርጌ ፎቶ አጠገብ።"

"ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያመልጥ ወለል ለወለል ነው የሚሄደው። እሷ ጋ እስኪደርስ እርስዎን ይጨርሳል።"

ይሄን አልወደድኩትም። አያያዜን ቢሰማ ይደሰታል ብዬ፣ "ዳንቴልም ነበራት" አልኩት።

"ዳንቴል?"

"አበባ ያለው። ሽንኩርት ሳቁላላ ደግሞ በፌስታል እሸፍናታለሁ።"

"ቆይ፣ ቆይ። ምድጃው ሲነድ ትታፈናለች፣ ምድጃው ሲጠፋ ትገለጣለች?"

"ለንጽሕናዋ ነዋ!"

ጋዲሳ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወንበር ፈለገ። ነገሩ ይቅለልልኝ ብዬ የኦቦ ዳባን ላይተር ጨመርኩበት። "ጥሬ ጋዝ፣ በየሳምንቱ፣ ቀጥታ አፍንጫዋ ውስጥ?" ብሎ ራሱን ያዘ። እኔም በመጨረሻ ዋናውን ሙያዬን አወጣሁ፦ "ዓርብ ዓርብ ደግሞ ፖሊሽ እቀባታለሁ።"

ሳቁ ቀጥ አለ። "የምን ፖሊሽ?"

"የባጃጅ ነዋ። ፊስ የሚለው።"

"በቃ" አለ ጋዲሳ፣ "ገዳይዋ ተገኘ።"

ከዚያ አስረዳኝ። ፖሊሹ ውስጥ ሲሊኮን የሚባል ነገር አለ። ሴንሰሩ ለማሽተት ውስጡ ሁልጊዜ ይግላል፤ ሲሊኮኑ ሲነካው ላዩ ላይ እንደ ብርጭቆ ይጋገርበትና ያፍነዋል። ከዚያ በኋላ የፈለገው ጋዝ ቢመጣ አይሰማውም። አረንጓዴው መብራት ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይበራል። የፀጉር ስፕሬይም፣ መስኮት የሚያሽጉበት ሲሊኮንም እንዲሁ ያደርጓታል አለኝ። እኔ ሙሽራ የማስጌጥ መስሎኝ ሬሳ ስገንዝ ነው የከረምኩት። በመጀመሪያ በራሴ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ በቶሎሳ ተናደድኩ፤ ፖሊሹን ደህና አድርጎ ቢደብቀው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

"ይድናል?" አልኩት።

"ሴንሰር የተመረዘ እንደሆነ አይታጠብም፣ አይታከምም። ይቀየራል።"

ደግነቱ የእነሱ ማሽን ጠቋሚም የእኔዋ ዓይነት ናት፤ መለዋወጫ ሴንሰር መሳቢያው ውስጥ ነበረው። ስለ ዋጋው አላወራም፣ ስሜቴ ይነካል። ሴንሰሩን ቀየረ፣ ከትንሽ ጠርሙስ ለመፈተሻ ተብሎ ተለክቶ የተሠራ ጋዝ በቀጭን ቱቦ ሰጣት። እሷም ጮኸች! እንዴት ያለ ጩኸት! እኔ ደግሞ እልልታዬን ለቀቅኩት፤ በቆሎ የሚጭኑት ሰዎች ሠርግ የመጣ መስሏቸው ጆንያቸውን ጥለው መጡ።

ጋዲሳ አስምሎ ነው የለቀቀኝ። ዝቅ አድርጌ ልሰቅላት፤ ከውጭ በጨርቅ ብቻ ልጠርጋት፤ ቤት ቀለም ሲቀባ ካልሆነ በቀር ላልሸፍናት፣ ያኔም ምድጃ ላልለኩስ፣ ሲያልቅ ደግሞ ወዲያው ልገልጣት። ላይተር እርም። ጎኗ ላይ ያለው ቁልፍ ሲጫኑት ይጮኻል፣ እሱ ግን ጉሮሮዋን እንጂ አፍንጫዋን አይፈትሽም። አፍንጫዋን ሊፈትሽ ጋዲሳ ራሱ ወደ አምቦ ብቅ ሲል ጠርሙሱን ይዞ ሊመጣ ቃል ገባልኝ።

ቤት ገብቼ ኩሽናው ውስጥ፣ ከኋላው ግድግዳ ላይ፣ ወደ ኦቦ ዳባ መጋዘን ከሚያስገባው አሮጌ የእንጨት በር አጠገብ፣ ከወለሉ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጌ ሰቀልኳት። ያ በር ከእሳቸው በኩል የተቆለፈ ነው፤ ከሥሩ ድመት የሚያሾልክ ክፍተት አለው። ከጎሚስታው አጥር ማዶ ያነሳሁትን ዳንቴል ለቴሌቪዥኑ ደረብኩለት።

ቅዳሜ ደረሰ። ሲሊንደሮቼን ሁሉ ዘግቼ፣ ኩሽናዬን አጥቤ ጠበቅኩ። ኦቦ ዳባ ገቡና ቀና ብለው ጣሪያ ጣሪያውን ፈለጉ።

"የት አለች?"

"ከታች ናት።"

"ከድመቷ ጋር አወረድሻት?"

ጎንበስ ብዬ ቁልፏን ተጫንኩ። ጮኸች። ኦቦ ዳባ አልተደነቁም። "እኔንም ቢጫኑኝ እጮሃለሁ" ብለው ላይተራቸውን አወጡ። ፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

"አይሆንም፣ ኦቦ ዳባ። ላይተር ይጎዳታል።"

"ላይተር ካልሆነ ሲሊንደር ይወጣል!"

ቶሎሳ በዓይኑ "አንድ ጊዜ ፍቀጂላቸው በቃ" ይለኛል። እኔም ልቤ አላመነታም አልልም። አንድ ሽ... ቢሉባት ትጮህና እገላገላለሁ። ግን ከእኔና ከእሳት መሃል የቆመች አንድ አፍንጫ ናት ያለችኝ፤ ለኦቦ ዳባ ደስታ ብዬ ሁለተኛ አልገድላትም። "አይነኳትም!" አልኩ። አስፋልቱ ጋ ተሰምቷል አሉ።

"ቶሎሳ" አሉ ኦቦ ዳባ፣ "ሲሊንደሩን አውጣ።"

ቶሎሳ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሲሊንደሩ ሄደ። ገና እጁን ሳያሳርፍ አፍንጫዬ ቀይ ሆና እሪ አለች።

"ማን ነካት?" አሉ ኦቦ ዳባ።

"ማንም!"

"እንግዲያው አብዳለች!"

"አላበደችም!" አልኩ። "ቶሎሳ፣ ሲሊንደሮቹን እያቸው! መብራት እንዳትነካ! እርስዎም ላይተሩን ወዲህ ይበሉ!" ከእጃቸው መንጭቄ ግቢው ውስጥ ወረወርኩት፣ በሩንና መስኮቱን በረገድኩ። ቶሎሳ ሲሊንደሮቹን አንድ በአንድ ነካክቶ "ሁሉም ዝግ ናቸው" አለ። እሱም አሁንም ምንም አልሸተተውም፤ ቀኑን ሙሉ ቤንዚን የሚያሸት ሰው ምን ይጠበቅበታል? ያኔ ጋዲሳ ያለኝ ትዝ አለኝ፣ ወለል ለወለል። ዓይኔ በእንጨቱ በር ሥር ወዳለው ክፍተት ሄደ።

"ኦቦ ዳባ፣ መጋዘኑን ይክፈቱ።"

"ጤፍ ነው ያለው።"

"ለጤፍ ጮኻ አታውቅም!"

ኦቦ ዳባ ባርኔጣቸው ሥር ላብ አወጡ። ቁልፉ የት እንዳለ ጠፋባቸው። ኪሳቸውን ሲዳብሱ ጩኸቱን የሰሙት አዴ ብሪ ከግቢው እየሮጡ መጡ።

"ያ ዋቃ! ዳባ፣ ሻይህን ጥደህ ትተኸው ነው እንዴ የመጣኸው?"

አዴ ብሪ ዞረው በራሳቸው ቁልፍ መጋዘኑን ከፈቱ፣ የሆነ ነገር ጠምዝዘው ዘጉ፣ መስኮቱን ገፉ። ጥቂት ቆይቶ አፍንጫዬ ድምፅዋን ቀነሰች፣ ከዚያም አረንጓዴ ሆነች።

ሄደን አየን። ከጤፉ ጆንያ ኋላ አዲስ ሲሊንደር፣ ባለ አንድ ዓይን ምድጃ፣ ላዩ ላይ ጀበና የምታክል የሻይ ማንቆርቆሪያ። ሻዩ ገንፍሎ እሳቱን አጥፍቶታል፤ ጋዙ ግን ሳይዘጋ በበሩ ሥር ወደ እኔ ሲንቆረቆር ነበር። ኦቦ ዳባ ስለ ጋዝ አደጋ ሊቆጡኝ ሲጣደፉ ጋዛቸውን ረስተውት መጥተዋል።

"ከፋሲካ ጀምሮ ነው" አሉ አዴ ብሪ፣ ምንም ሳይጨንቃቸው። "የቦንቱ እናት ሻይ ቶሎ ይፈላል፣ የእኛ ለምን ይዘገያል ብሎ ገዛው። ለሰው እንዳትናገሪ ብሎኝ ነው።"

አፍንጫዬ ጣሪያ ሥር፣ ዳንቴል ለብሳ፣ ፖሊሽ ተቀብታ ብትሆን ኖሮ ሁላችንም እዚያው ቀርተን ነበር። ግድግዳውን ይዤ "ተመስገን" አልኩ፣ ከልቤ። ከዚያ ምላሴ ተመለሰ።

"ኦቦ ዳባ፣" አልኩ በትሕትና፣ "ቅድም ይውጣ ያሉት ሲሊንደር የትኛውን ነበር?"

ቶሎሳ ለመሳቅ ወደ ባጃጁ ሮጠ።

እንጨቱ አልተመለሰም። ሳሌ ቀንሷል፣ ዓይኔ ጠርቷል፣ ኩሽናዬ እንዳለ አለ። ኦቦ ዳባ ለመጋዘናቸው ጠቋሚ እንዲያመጣላቸው ጋዲሳን በእኔ በኩል አስለምነዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣታቸውንም አልተዉም፤ ላይተር ግን የለም። በሩ ላይ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ ምክንያቱም ሲያጎነብሱ ይወድቅባቸዋል። ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ያ ሁሉ ቁመት ታጥፎ፣ ወለሉ አጠገብ ያለችውን አረንጓዴ መብራት ለማየት ጎንበስ ይሉልኛል። እኔ ጭልፋዬን ይዤ ከላይ ቆሜ "ይነሱ፣ ኦቦ ዳባ፣ ይነሱ" እላቸዋለሁ።

አረንጓዴዋ መብራት በር ላይ ቀጥ ብለው ቆመውም ትታያለች። እስካሁን አልነገርኳቸውም።